የድሮ ህንጻ አገልግሎቱ ሲቀያየር ይጎዳል ወይስ ይተርፋል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትናንሽ ከተሞች የድሮ የድንጋይ ህንጻዎች ነገር ያንገበግበኛል። አንዱ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ፖስታ ቤት ይሆናል፣ ከዚያ የእህል መጋዘን፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ተዘግቶ ቁጭ ይላል። ከፊሉ ሰው «ቅርስ ነው፣ ይቆለፍ» ይላል፣ ከፊሉ «ካፌ ይሁን»። የቱ ይሻላል? ደግሞስ ሰነድ ከሌለ ቀድሞ ምን እንደነበረ ከህንጻው ማወቅ ይቻላል?

መልስ 1፦
መቆለፉ ይቅር። ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ ነው የሚሄደው። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፣ የሚጠርገው የለም፣ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል፣ ከዚያ የጣሪያው እንጨት መበስበስ ይጀምራል፤ ሰው ቢኖርበት ገና ጠብ ሲል ያየው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተርም (ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚናገር ዓለም አቀፍ ሰነድ ነው) ቅርስ ለህብረተሰቡ ለሚጠቅም ነገር ሲውል ጥበቃው ይቀላል ይላል፣ የቤቱ አከፋፈልና ጌጡ እስካልተነካ ድረስ።

መልስ 2፦
ከህንጻው በደንብ ይታወቃል። የተደፈነ በር ካለ ድንጋዩ ወይም ጡቡ ከዙሪያው ይለያል። የየትኛው በር ደፍ መሃሉ እንደተበላ እዩ፣ ብዙ ሰው የተመላለሰው በዚያ ነው። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች ከተለመደው ወፈር ብለው ከተጠጋጉ ከባድ ነገር ይከማችበት እንደነበር ጠርጥሩ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ጨው ነው። ጨው የተከማቸበት ወይም ከብት ይታሰርበት የነበረ ግድግዳ፣ ስራው ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ ነጭ ዱቄት ያወጣል።

መልስ 3፦
በመልስ 1 እስማማለሁ፣ ግን «ማንም ይግባበት» ማለት አይደለም። ካፌ ማለት እንፋሎት፣ ጭስ ማውጫ፣ ለቧንቧ የሚቦረቦር ግድግዳ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ወይም የስብሰባ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ክፍል መከፋፈል ካስፈለገም በኮምፔንሳቶ ወይም በጂፕሰም ይሁን፣ ነገ ሌላ ሰው ነቅሎ ሊያነሳው ይችላል። በኖራ የተገነባን ግድግዳ ደግሞ እባካችሁ በሲሚንቶ አትለስኑት! ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ከጊዜ በኋላ ድንጋዩ ራሱ እየተፈረፈረ ይመጣል።
ትልቅ ከተማ ቢሆንም የፓሪሱን ኦርሴ አስቡ። በ1900 እ.ኤ.አ. ባቡር ጣቢያ ሆኖ ተከፈተ፣ ባቡሮቹ ሲረዝሙ መቆሚያው አጠራቸውና በ1939 የረጅም ርቀት ጉዞው ቀረ። በ1970ዎቹ አፍርሶ ሆቴል የመስራት ሐሳብ ነበር። ሳይፈርስ ቀርቶ በ1986 ሙዚየም ሆነ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ያ ነጭ ዱቄት ቀለም ቢቀባበት ይጠፋል?

መልስ 2፦
አይጠፋም፣ ቀለሙን እየላጠ ይወጣል። በውሃም አይታጠብ፣ ጨው በውሃ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ማራገፍና ዱቄቱን ሰብስቦ ማውጣት ነው። ከዚያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ይፈለግ፣ መጀመሪያ የሚታየው አሸንዳው ነው።