ያረጀ ድልድይ ማፍረስ ለምንድነው እንዲህ የሚጓተተው?

ሚኪ_ሲቪል
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አንድ የቆየ የአርማታ ድልድይ ሲፈርስ በየቀኑ ሳልፍ አያለሁ። አስፋልቱን ገፈፉ። ከዚያ ትንሽ ይቆርጣሉ፣ በክሬን ያወርዳሉ፣ ደግሞ ቆመው ይለካሉ። ስንት ዓመት ከባድ መኪና ሲሸከም የኖረ ነገር ባዶውን ምን ያስፈራል? በፈንጂ አይገላገሉትም? ደግሞስ ድልድይ ሳይታሰብ የሚወድቀው ምልክት ስለማይሰጥ ነው?

ቦጋለ77
የቀን አበል እየቆጠሩ ነዋ!

ጋሽ መዶሻ
አንተ ቦጋለ፣ ተው እንጂ። ሚኪ፣ ሥራዬ ድልድይ መፈተሽ ነው፤ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ምልክቱማ አለ። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ይሆናል እንጂ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በ1967 አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ ወድቆ 46 ሰው ሞተ። ድልድዩ የተንጠለጠለው በሰንሰለት ነበር፤ እያንዳንዱ የሰንሰለቱ አንጓ ደግሞ ሁለት ብረት ብቻ ነው። ከአንዱ ብረት ጫፍ፣ ቀዳዳው ውስጥ፣ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ የምትጠልቅ ስንጥቅ ነበረች። መገጣጠሚያው ካልተፈታ በቀር አትታይም። ያ ብረት ሲበጠስ ጓደኛው ብቻውን አልቻለም፤ ድልድዩ በሙሉ ተከተለው። ስለዚህ እኔ ስለ አንድ ድልድይ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕድሜውን አይደለም። «ይሄኛው ቢበጠስ ሸክሙን ማን ይረከባል?» ነው የምለው።

አርማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ብረቱን ይሸፍነዋል። ጣሊያን፣ ጄኖዋ ላይ በ2018 የወደቀውና 43 ሰው የሞተበት የሞራንዲ ድልድይ፣ የተሸከሙት ኬብሎች በአርማታ የተለበጡ ነበሩ። ልባሱ ከዝገት ይጠብቃል ተብሎ ነው። ዝገቱን የደበቀውም እሱ ነው። ጀርመን፣ ድሬስደን ላይ በ2024 የወደቀው የካሮላ ድልድይም ውስጡ የተወጠሩት ሽቦዎች ተሰንጥቀው ነበር። ትራም ካለፈ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ሌሊት ነው የወደቀው። ማንም አልተጎዳም፤ ዕድል በሉት።

እኔ በመዶሻ ነው የማዳምጠው። ደህና አርማታ ስትመታው ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። ውስጡ ፌሮው የዛገ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ዝገት ከብረቱ በላይ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ጥልቅ ያለውን ኬብል ግን መዶሻዬም አይደርስበትም።

አሁን ወደ ማፍረሱ። የተወጠረ ኬብል (አርማታው ውስጥ በኃይል ተስቦ የታሰረ የብረት ገመድ) ያለው ድልድይ ከሆነ፣ ኬብሉ ወደ ላይ ይገፋል፣ የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጫነዋል። አስፋልቱንና ወለሉን ስታነሳ አንዱን ወገን ቀነስክ፤ ኬብሉ ግን መግፋቱን አይተውም። ያኔ ከላይ በኩል ሊሰነጠቅ ይችላል። በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ የቆመ ከሆነ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ስትቆርጥ ሌላው ይከብዳል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ በተሠራበት ቅደም ተከተል ወደ ኋላ የሚፈርሰው። ሲቆሙ እየሰነፉ አይደለም፣ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ እያዩ ነው።

ትርሲት_መ
ስለ ፈንጂው እኔ ልጨምር። ጄኖዋ ላይ ሁለቱንም ተጠቅመዋል፤ ከፊሉን ቆርጠው በጃክ ቀስ አድርገው አወረዱ፣ የቀሩትን ትልልቅ ማማዎች በሰኔ 2019 በፈንጂ ጣሉ። የፍንዳታው ጊዜ ሰከንድ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ወራት ይፈጃል። የሚቆረጠው አስቀድሞ ይሳሳል፣ አካባቢው ከሰው ይጸዳል። ፍርስራሹን ማንሳትም አለ።

ጋሼ፣ የጠቀሷቸው ሁሉ ተደብቀው የኖሩ ናቸው። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ በ2022 የወደቀው የፈርን ሆሎው ድልድይስ? የውሃ መውረጃው ተደፍኖ እግሮቹ በዝገት ሲበሉ በየፍተሻው ይጻፍ ነበር አይደል?

ጋሽ መዶሻ
ልክ ነሽ፣ እሱ ሲታይ ነው የወደቀው። እኛ እንጽፋለን፤ በጀት የሚይዘው ሌላ ነው። መውረጃ ቱቦ መጥረግ ደግሞ ሪባን ስለማይቆረጥለት ማንም አይቸኩልለትም።

ሚኪ_ሲቪል
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ሳልፍ ምኑን ልይ?

ጋሽ መዶሻ
የተቆረጠውን ጫፍ። ኬብል ያለው ከሆነ ክብ ክብ ቱቦዎች ይታዩሃል። በሲሚንቶ ጥቅጥቅ ብለው ተሞልተዋል ወይስ ውስጣቸው ክፍተት አለ? ክፍተት ካየህ ከአጥሩ ውጭ ሆነህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው።