ውኃው የሚወርድበት መሬትም ይቆጠር፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ሰላም አባላት። በስብሰባው እንደተነጋገርነው ለክልል የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንጀምረው። ጉዳዩ ወሰን ማስከበር ነው፤ ማለትም መንገድ የሚያልፍበትን መሬት ካሳ ከፍሎ ነጻ ማድረግ። ግን እባካችሁ «ካሳ ይዘገያል፣ በጀት የለም» ብለን ብቻ እንዳንጨርሰው። ይህን እነሱም ያውቁታል። መስክ ላይ እኛ የምናየው፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ግን የማያየው ነገር ካለ እሱን አምጡ። አንድ ሐሳብ፣ ቢበዛ አንድ ገጽ ተኩል። ከዚያ በላይ የሚያነብልን የለም።

የወረዳ ባለሙያ፦
እኔ አንድ አለኝ። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቀበሌ ሄጄ ነበር። መንገዱ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፣ ባጃጅ ሁሉ ይገባል። አንዲት እናት «ና እስቲ፣ መንገዳችሁ ያደረገኝን እይ» ብለው ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱኝ። በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ አፉን ወደ ማሳቸው አዙሯል። ከቱቦው አፍ ጀምሮ ቦረቦር ወርዷል። ገብቼ ቆምኩበት፤ እስከ ደረቴ ዋጠኝ። ጠርዙ ላይ ያለው ጌሾ ሥሩ ተራቁቶ ተንጠልጥሏል።

ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩ። ስማቸው ካሳ ከተከፈላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስህተትም አይደለም፤ መንገዱ ከማሳቸው አንድ ስንዝር አልነካም። «መንገዱማ አልወሰደብኝም። ውኃው ነው የወሰደብኝ። ውኃውን ማን ላከው?» ነበር ያሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው?

ቀያሽ፦
ይሄ እኔም ጋ አለ። አንድ ሳይሆን ብዙ። እኛ ችካል የምንተክለው ለመንገዱ ነው። ከመሐል መስመር ግራና ቀኝ ለክተን፣ ወሰኑን ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ቱቦው የት እንደሚቀበር ዲዛይኑ ይነግረናል። «ኪሎ ሜትር 3+240፣ ባለ አንድ ሜትር ቱቦ» ብሎ ጽፎታል፤ ከመንገዱ መነሻ 3 ኪሎ ሜትር ከ240 ሜትር ላይ ማለት ነው። ከዚያ በታች ውኃው የት እንደሚደርስ ስታይ ግን ሉሁ ነጭ ነው። የወሰን መስመሩ አልቋላ። ለእኛም እዚያው አለቀ።

የሕግ ክፍል፦
ነገሩን ከሕጉ ጋር ላያይዘው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት መውሰድ ይችላል፣ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይክፈል ይላል። አዋጅ 1161/2011 እና ደንብ 472/2012 አከፋፈሉን ይዘረዝራሉ። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው «ይዞታ ሲለቀቅ» ነው። የማስለቀቅ ትእዛዝ ከሌለ ቆጠራ የለም፣ ግምት የለም፣ አቤቱታ ሰሚ የለም። እኚህ እናት ደግሞ ማንም ልቀቂ አላላቸውም።

የእሳቸው ጉዳይ ሌላ ዓይነት መብት ነው። መሬቱ የሰውየው እንደሆነ ይቀጥላል፤ ሌላው ወገን ግን ለአንድ ለተወሰነ ነገር ይጠቀምበታል። ውኃ ያሳልፍበታል፣ ወይም ለጥገና ይገባበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የንብረት አገልግሎት» ይለዋል። ጎረቤታሞች በመተላለፊያ ሲካሰሱ ጠበቃ ይጠቅሰዋል። ለመንግሥት መንገድ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ወይ ጠቅልለን እንወስዳለን፣ ወይ ምንም አንወስድም። መሐሉ የለንም።

ደግሞ እንደወረደ አንገልብጠው። ያ ሕግ የተጻፈው መሬት በግል በሚያዝበት ዘመን ነው። ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ «የመጠቀም ስምምነት» ብንለው ይሻላል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ልጆች፣ ቅር አይበላችሁና አንድ ነገር ልበል። ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ከዝናብ በላይ የምፈራው አዲስ ቅጽ ነበር። ወሰን ባለመከበሩ ዶዘር ቆሞ ሲውል ኮንትራክተሩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ። የቆመበትን ቀን ቆጥሮ ይጠይቃል፣ ይከፈለዋልም። አሁን በየቱቦው ስምምነት ይፈረም ብትሉ መንገዱ መቼ ሊሠራ ነው? መጀመሪያ ዲዛይኑ ይስተካከል። ውኃውን ወደ ተፈጥሮ መውረጃው ውሰዱት። መውጫው ላይ ድንጋይ ደርድሩ። ከዚህ ሁሉ ፊርማ ርካሽ ነው።

የወረዳ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን ወደ ተፈጥሮ መውረጃው ለመድረስም የሰው ማሳ ማቋረጥ አለ። አንዳንዴ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ያችን መቶ ሜትር ነው የምናወራው።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ሰው ውኃውን አይጠላውም። ዝናብ በሚያጥርበት በኩል ያለ አንድ ገበሬ «ቱቦውን ወደ እኔ አዙሩልኝ፣ ኩሬ ቆፍሬ እጠብቃለሁ» ብሎ ለምኖኛል። በትግራይም በአማራም የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬና ወደ ማሳ የመምራት ሥራ ተሠርቷል። ያው አንድ ቱቦ ነው። ላንዱ ቦረቦር ነው፣ ላንዱ መስኖ። ልዩነቱ ቀድሞ የጠየቀው ሰው መኖሩ ላይ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
ይሄኛውን ወደድኩት። እንግዲያው የምትጠይቁት ዲዛይኑ ሳይጸድቅ ይሁን። ማሽን ከገባ በኋላ መጠየቅ ለጠብ ነው። አዋጁ ባለይዞታዎችን አስቀድማችሁ አወያዩ ይል የለም? በዚያው ስብሰባ የቱቦዎቹ መውጫ ካርታ ላይ ይታያቸው። አዲስ ስብሰባ አትጥሩ።

የካሳ ገማች፦
ገንዘቡን ላንሳ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ እኔ ነውና የሚመጣው። ውኃ ማውረጃ 4 ሜትር ስፋት፣ 60 ሜትር ርዝመት እንበል። 240 ካሬ ነው። መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ነው እንበል። ከዚያች ቁራጭ በዓመት 43 ኪሎ ገደማ ይገኛል። በ1161 ስሌት የከፍተኛው ዓመት ገቢ በ15 ይባዛል። ስድስት ኩንታል ተኩል ያህል ጤፍ ዋጋ ይመጣል፣ ጭዱን ሳንቆጥር። በድሮው የካሳ አዋጅ፣ በ455/1997፣ ቢሆን የአምስት ዓመት አማካይ በ10 ነበር።

ለአንድ መንገድ ፕሮጀክት ይህች ብር ምንም አይደለችም። ለገበሬው ግን የወራት እንጀራ ናት። ጥያቄዬ፦ መሬቱ የእሱ ሆኖ ከቀጠለ ሙሉውን 15 እንከፍላለን ወይስ ግማሹን? እኔ ፐርሰንት ብናስቀምጥ እላለሁ።

የሕግ ክፍል፦
ፐርሰንት አትጻፍ። አንዴ ከጻፍነው ያ ፐርሰንት ጣሪያ ይሆናል። ማንም ከዚያ በላይ አይከፍልም።

ቀያሽ፦
እኔ ደግሞ መስክ ላይ የሚታይ ነገር ይሁን ባይ ነኝ። በሬ ጠምዶ ያርስበታል ወይስ አያርስበትም? ቦይ ከተቆፈረበት አያርስበትም፤ ሙሉውን ይከፈለው። ቱቦው ተቀብሮ አፈር ከተመለሰበት ያርስበታል። እዚያ ላይ የሚከፈለው ለጥገና በተገባ ቁጥር ለተበላሸው ሰብል ብቻ ይሁን።

የካሳ ገማች፦
ይሄ ይሠራል። ፐርሰንቱን ትቼዋለሁ።

የከተማ ማዘጋጃ ባልደረባ፦
ገጠር ገጠር አላችሁ፣ ከተማውን ረሳችሁት። እኛ ጋ አንድ ግቢ አለ። በግቢው ሥር የመንገድ ጎርፍ የሚወስድ ቱቦ ያልፋል። የድሮው ባለቤት በቃል ተስማምተው፣ «እለፉ፣ የሰፈር ነው» ብለው ነው። ግቢው ተሸጠ። አዲሱ ገዢ ካርታውን አየ፣ ንጹሕ ነው። ቱቦው ላይ ሰርቪስ ቤት ሠራ። ሐምሌ ላይ ቱቦው ተደፈነ፣ ኮብልስቶኑ ከነአሸዋው ታጥቦ ሄደ። ለመጥረግ ብንሄድ መክፈቻው የሰውየው ኩሽና ውስጥ ነው። ወጥ ተጥዷል! ሰውየው ምን ያድርግ? ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ስምምነት መፈረሙ ብቻውን አይበቃም። መዝገብ ላይ ይግባ። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጁ፣ 818/2006፣ መብት ብቻ ሳይሆን ክልከላና ኃላፊነትም ይመዝገብ ይላል። ቦታው አለ። ብዙ ጊዜ ግን «ክልከላ» የምንለው የባንክ እዳና የፍርድ ቤት እግድ ብቻ ነው። ቱቦውንም እዚያ እንጻፈው።

አስተባባሪ፦
ይሄ ወርቅ ነው። ለገጠሩስ?

የወረዳ ባለሙያ፦
ለገጠሩ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ይያያዝ። ፊርማው ላይ ግን አደራ። የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ጊዜ እኔ በነበርኩበት ወረዳ ሰዉ መሬቱን በፈቃዱ ነው የሰጠው። ብዙው ከልቡ ነበር፣ መንገድ ናፍቆት። ጥቂቱ ግን ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ አብሮ ያወጣ ነው። ጎረቤት እያየህ «እኔ አልሰጥም» ማለት ቀላል አይደለም። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። የፈረመው ግን ባል ብቻ ነበር። ከዓመት በኋላ ሚስቶቹ መጥተው «እኛን ማን ጠየቀን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ይፈርሙ። መስጠትም ከሆነ በስብሰባ ሳይሆን ለየብቻ ይጠየቁ።

የከተማ ማዘጋጃ ባልደረባ፦
ከፋዩስ? በ2016 የወጣው የ1161 ማሻሻያ፣ አዋጅ 1336፣ የካሳውን ሸክም ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደር ነው ያዞረው። የእኛ ካዝና ደግሞ ይታወቃል።

አስተባባሪ፦
እሱ ላይ ብዙ አንቆይ፤ ሌላ ማኅበር ጽፎበታል። የእኛ ጥያቄ ትንሽ ናት። የማውረጃው ክፍያ በመንገዱ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት። በቃ።

እስካሁን የተባለውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«የመንገድ ወሰን ካርታ ከዚህ በኋላ የእያንዳንዱን ቱቦና ቦይ መውጫ፣ እንዲሁም ውኃው ወደ ተፈጥሮ መውረጃ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መሬት ያሳይ። ዲዛይኑ ሳይጸድቅ ባለይዞታው ካርታውን ይይና ውኃውን ይፈልገው እንደሆነ፣ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻለው ይጠየቅ። የሚታረስ መሆኑ የቀረ መሬት እንደተለቀቀ ተቆጥሮ ሙሉ ካሳ ይከፈልበት። የሚታረሰው ላይ ደግሞ ለጥገና ሲገባ ለተጎዳው ሰብል ይከፈል። ስምምነቱ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ በደብተሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርሙበት፤ ከተማ ላይ በይዞታ መዝገቡ የክልከላ ዓምድ፣ ገጠር ላይ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ይያያዝ።»

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
«ወደ ተፈጥሮ መውረጃ እስኪደርስ» የሚለውን እንዳትነኩት። እሱን ካወጡባችሁ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

ቀያሽ፦
ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ። ሥዕል የሚሣልበት ቦታ ይኑረው። ሰዉ የኤክስና ዋይ ቁጥር አያነብም። «ከዋርካው እስከ ጅረቱ» ቢባል ይገባዋል።

የወረዳ ባለሙያ፦
ትናንት የቅጹን ረቂቅ ይዤ እኚያ እናት ጋ ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተው አስነበቡኝ፣ ሁለት ጊዜ። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ውኃው በየት እንደሚያልፍ ይላል። ደለል ሲሞላው ማን እንደሚጠርገው ግን አይልም። እኔ ነኝ የምጠርገው?» አሉኝ። እኛ ስንት ቀን ስንከራከር ይህች አልታየችንም።

አስተባባሪ፦
ጨምሬያለሁ፦ «ማውረጃውን ከክረምት በፊት በየዓመቱ የሚጠርገው የመንገዱ ባለቤት ነው፤ ስሙና የሚገኝበት ቢሮ በቅጹ ላይ ይጻፍ።» ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ። ማኅተሙ ያለው ሰው እስከ ዓርብ ይደውልልኝ።