ክርክር፦ እርሳስ በግቢ ማቅለጥ ይከልከል?

የሐይቅ ልጅ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ሐይቅ ዳር ለመረብ ክብደት የሚሆን እርሳስ በየግቢው ይቀልጣል። ድሮ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ፣ የመኪና ጎማ ባላንስ የሚደረግበት እርሳስ ነበር፤ አሁን ግን ከቆራሌው አሮጌ የመኪና ባትሪ እየገዙ ከውስጡ እርሳሱን መፈልፈል መጣ። ቀበሌው ይከልክል የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

ጎሚስታው ከደሴ፦ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሰልና ብረት ድስት ያለው ሁሉ ያቀልጠዋል፤ ቀበሌው ስንቱን ምድጃ ሊያጠፋ ነው? አባቶቻችን የነፍጥ ጥይት ሲያፈሱበት ኖረዋል፤ ማን ሞተ?

ነርስ ከደሴ፦ ጋሼ፣ «ማን ሞተ» ያሉት ማን መርምሮ ነው? ሆዱን ቁርጠት የያዘውን፣ ደም ያነሰውን ልጅ የትል መድኃኒት ሰጥተን እንሸኘዋለን፤ እርሳስ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሴኔጋል ውስጥ፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር የሚባል ሰፈር አለ። ባትሪ የሚፈለፈልበትን አፈር እያበጠሩ እርሳስ ይለቅሙ ነበር። በፈረንጆቹ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት አለቁ።

ጎሚስታው ከደሴ፦ ልጄ፣ ሴኔጋል ሌላ ሐይቅ ሌላ። ደጅ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ጭሱን ንፋስ ይወስደዋል። ሲጨርሱም ወተት ይጠጣሉ።

ነርስ ከደሴ፦ ወተቱ ምንም አያወጣም። ጭሱም ብቻ አይደለም፤ የባሰው ባትሪው ሲሰበር ከውስጥ የሚራገፈው ዱቄት ነው። ደግሞ አቅላጩ ድስቱ ላይ የሚንሳፈፈውን ግራጫ አመዳይ፣ የእርሳሱን ዝቃጭ፣ በማንኪያ ገፎ አጥር ሥር ይደፋዋል። ዶሮ ይጭረዋል፣ የሚድኸው ልጅ እዚያው ይድኻል፣ እጁን ወደ አፉ። ትልቅ ሰው ከዋጠው እርሳስ አሥር በመቶ ያህሉ ደሙ ውስጥ ቢገባ ነው፤ ልጅ ግን ግማሽ ያህሉን ይወስዳል።

እመ ሐያት፦ አባወራው በዚያው ልብስ ገብቶ ልጁን ያቅፋል። ይሄንንስ ቀበሌ ይከልክለው?

መረብ ጣይ፦ አብሽሩ፣ እኛም ልጆች አሉን። ድንጋይ ሞክረናል፣ መረቡን ይቆርጠዋል። ባዶ እጃችንን ከልክላችሁን ቆሮሶውን በምን እናጥምድ?

ጎሚስታው ከደሴ፦ ፌሮ አጭር አጭር አስቆርጥና በአሮጌ ከለመዳሪ ጠቅልለው፣ መረብ አይቆርጥም። ከለመዳሪው ከእኔ ዘንድ ሞልቷል። ባትሪ መፈልፈሉን እኔም አልወደውም፣ አሲዱ ብቻ ይበቃል። የባላንሱን ግን አትንኩብኝ፤ እሱ ንጹሕ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ ባትሪው ላይ ድርድር የለኝም፣ ይከልከል። ከቆራሌው መጀመር ነው፤ ገዢ ካጣ ማን ይፈለፍለዋል? የባላንሱም ቢሆን ንጹሕ መባሉ አይዋጥልኝም። አመዳይ እሱም አለው፣ እርጥብ ቁራጭ ከገባበትም ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል።

ነርስ ከደሴ፦ ጋሼ፣ የባላንሱንስ ቢሆን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ያቅልጡት፤ አመዳዩም በቆርቆሮ ተከድኖ ይቀመጥ።

መረብ ጣይ፦ እሺ፣ ፌሮውን በአንድ መረብ እንሞክረው። ለአንድ መረብ ስንት ኪሎ ይበቃል፣ ጋሼ?

ጎሚስታው ከደሴ፦ በእርሳሱ ልክ መዝነው። ቁራጩ ግን ወፈር ይላል፣ ብረት ከእርሳስ ይቀልላል።