ለካውንቲው የምናስገባው ሐሳብ፦ የሜሪላንድ ሕግ በአማርኛ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ የጀመርነውን እዚህ እንቋጨው። ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የምናስገባው ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ እላለሁ። ስቴቱ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ስላላቸው) ያወጣው ሕግ በሚገባን አማርኛ ተጽፎ ይሰጠን። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ይህን ያህል ሰው ሆነን ሕጉን የምንሰማው ከቲክቶክ ነው። ሕጉ ደግሞ አዲስ አይደለም። ሰውን በሚያፈቅረው ሰው ምክንያት ከሥራና ከኪራይ ቤት ማግለል ከ2001 ጀምሮ ክልክል ነው። በ2014 የጾታ ማንነት ተጨመረበት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አስተርጓሚው፦
እደግፋለሁ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ለአንዲት እናት አስተረጎምኩ። ልጇም አብሯት ነበር። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ "ዶክተር፣ መድኃኒት አለው ወይ?" አለች። ሐኪሙ በሽታ እንዳልሆነ ነገራት። ቀጥሎ የተናገረውን ቃል ወደ አማርኛ ልመልስ ስል አፌ ላይ የመጣው ስድብ ብቻ ሆነ። ልጁ አማርኛ ይሰማል። ቀና ብሎ አየኝ። "ወንድ የሚወድ ወንድ" ብዬ አለፍኩ። እናትየው "ልጅሽን እናስተካክላለን" ለሚላት ሰው ገንዘብ እያጠራቀመች ነበር። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይህን ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ እንዳያደርግ ሜሪላንድ በ2018 ከልክሏል። ማንም አልነገራትም። እኔ የምለው፣ ከሕጉ በፊት ቃላቱን እንስማማባቸው።

አንድ አባት፦
በ2023 ሮክቪል ሰልፍ ከወጡት ወላጆች አንዱ ነኝ። የጠየቅነው የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች የሚተርኩ መጻሕፍት ሲያነቡ ልጆቻችንን ከንባቡ የማስቀረት መብት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2025፣ 6 ለ3፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ እንድናስቀር ፈቀደ። ይህ ካልተጻፈ ምእመኑ "ቤተ ክርስቲያንን ሊያስገድዱ ነው" ብሎ ወረቀቱን አያነበውም።

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። በ2012 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት የጋብቻ ሕግ ራሱ፣ ካህን እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም ይላል። የ2018ቱም ቢሆን የሚመለከተው ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ነው። የንስሐ አባትን ምክር አይነካም። ሁለቱም ይገባሉ። ግን የልጁም ይግባልኝ። በማንነቱ ከሥራ ቢባረር ለስቴቱ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ማመልከት እንደሚችል፣ ቀኑ ሳያልፍበት ቶሎ መሄድ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ። ቤተሰቡ ቢያስወጣው የት እንደሚያድርም።

አንድ አባት፦
ልጅን ከቤት ማስወጣትማ ነውር ነው። እኔ በራፌ ላይ ባገኘው አስገባዋለሁ። ይጻፍ።

አስተርጓሚው፦
እንግዲያው የቃላቱን ዝርዝር እስከ ሐሙስ እልካለሁ። ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት። ከዚያ እንደዚያች እናት ያሉ ሁለት ሦስት እናቶች ያንብቡት፤ እነሱ ያልገባቸውን መስመር እንደገና እንጽፈዋለን።