ዘጠኝ ሳምንት ያለፋቸው ሳሶዎቼ፦ የትኞቹ ቄብ፣ የትኞቹ አውራ ናቸው?

የሳቢያን ነዋሪ (ድሬዳዋ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት በ45 ቀናቸው የገዛኋቸው ዘጠኝ የሳሶ ዶሮዎች አሁን ዘጠኝ ሳምንት አልፏቸዋል። የገዛኋቸው ለእንቁላል ሲሆን፣ ሻጩ «አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው» ቢለኝም አራቱ ከሌሎቹ ይልቅ የአናታቸው ሥጋ ቀልቶ፣ እግራቸውም ወፍሮ ይታየኛል። ግቢያችን ጠባብና ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ስለሆነ ከአንድ አውራ በላይ ማቆየት አልችልም። እናቴ በእግሩ ሲያንጠለጥሉት ራሱን ቀና ለማድረግ የሚታገለው ወንድ ነው ትላለች፤ ቀፊራ ገበያ ያገኘኋት ነጋዴ ደግሞ ሹል እንቁላል ወንድ፣ ድቡልቡሉ ሴት እንደሚፈለፍል ነገረችኝ። ከእነዚህ የትኛው ይታመናል? አራቱን አሁን ብሸጣቸውስ እሳሳታለሁ?

ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፦
ወንድሜ፣ ለመሸጥ አይቸኩሉ። የአናት ሥጋ መቅላት ጥሩ ምልክት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ቀድማ የምትቀላ ቄብ አለች፣ በጉልበተኛ ወንድሙ ተጨቁኖ ዘግይቶ የሚቀላ አውራም አለ። በተለይ በእናንተ አገር ሙቀት ይህ ምልክት ይበልጥ ያሳስታል፤ ዶሮ በአናቱ ሥጋና በኩልኩልቱ ሙቀት ስለሚያስወጣ፣ በሞቃት ቦታ ያደገች ሴት ዶሮም እነዚህ አካሎቿ ተለቅ ሊሉባት ይችላሉ።

እኔ የምተማመነው በላባ ነው። ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ዶሮውን ይያዙና ከጅራቱ በላይ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ላባ በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። የወንዱ አዲስ ላባ ቀጭን፣ ረጅምና ጫፉ የሾለ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሲሆን፣ የሴቷ ግን ሰፋ ብሎ ጫፉ ክብ ነው። የአንገቱም ላባ እንደዚሁ ነው። እስከዚያው ዘጠኙን እርስ በርሳቸው ያነጻጽሯቸው እንጂ ጎረቤት ካለው ሌላ ዘር ጋር አያወዳድሯቸው። ማንጠልጠሉን ይተዉት፤ የሚታገለው ጤነኛው ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት።

የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ (ሐረማያ)፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ የእንቁላሉን ነገር ልጨምር። የእንቁላል ቅርጽ የሚወሰነው በጣይዋ ዶሮ የእንቁላል መተላለፊያ ሲሆን፣ አንዲት ዶሮ በአመዛኙ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው እንቁላል ስትጥል ትኖራለች፤ ሆኖም ከታቀፈቻቸው ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ፣ ግማሽ ያህሉ ሴት ይሆናሉ። ቅርጹ ፆታን የሚለይ ቢሆን ኖሮ ሹል የምትጥል ዶሮ ከአውራ በቀር ምንም አትፈለፍልም ነበር። በዶሮ ዘንድ ፆታን የሚወስነውም እናት ናት፤ ሁለት የተለያዩ የፆታ ክሮሞሶሞች ያሏት እሷ ስትሆን፣ አውራው ሁለት ተመሳሳይ ነው ያለው።

በቀለም የሚለዩ ዘሮች መኖራቸው እውነት ነው። የቦቫንስ ብራውን ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ቀን ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ገረጣ ቢጫ ናቸው። ይህ የሆነው ግን ወላጆቹ ታስበው ስለተዳቀሉ ነው፤ ሰዎች የቦቫንስ ዶሯቸውን ከአበሻ አውራ ጋር አዳቅለው ከልጆቹም ያንኑ ልዩነት ሲጠብቁ አያለሁ፣ አያገኙትም። በነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረው ኮኮክ ደግሞ ወንዱ ገረጥ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። የእርስዎ ሳሶዎች ቀለማቸው የተለያየ ስለሚሆን በዚህ መንገድ አይለዩም።

የአንድ ቀን ጫጩት ፊንጢጣ ገልጦ መለየት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጃፓን ውስጥ የዳበረ ሙያ ሲሆን፣ በጫጩት መፈልፈያ ድርጅቶች የሠለጠኑ ሰዎች ይሠሩታል። ያልሠለጠነ ሰው ቢሞክረው ጫጩቷን ይጎዳታል።

የሳቢያን ነዋሪ (ድሬዳዋ)፦
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ከጠረጠርኳቸው አራት መካከል ሦስቱ የወገባቸው ላባ እንደ መርፌ ሾሎ ወጣ፤ አራተኛዋ፣ ከሁሉም ቀድማ የቀላችው፣ ክብ ላባ ያላት ቄብ ሆና ተገኘች። ለካስ ከመኖ ዕቃው ሁልጊዜ የሚባረረውና እኔ ሴት ያልኩት ገብስማው አውራ ኖሯል። ከትናንት ወዲያ ጎረምሳ ድምፁን እየሰነጠቀ ጮኸ፤ እናቴ አልሰማሁም ብላለች። አምስት ቄብና አራት አውራ አሉኝ ማለት ነው። አንዱን አስቀርቼ ሦስቱን እስከ በዓል ድረስ አቆያቸዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ ለጩኸቱ ከእነሱ አንዱን በቅናሽ እንደሚወስዱ ተስማምተናል።