የ1966 ቮልስ፦ ከወለሉ ምንጣፍ ስር ኦርጅናሉ ምን ነበር?

ባለ ቮልሱ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 እያደስኩ ነው። ሞተሩ አልቋል፣ ቀለሙም ተቀብቷል። የቀረኝ ውስጡ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ወለሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ በማስቲሽ ለጥፎ፣ በላዩ የቤት ሞኬት አንጥፎበታል። ስገልጠው ስፖንጁ ውሃ ቋጥሯል። በሾፌሩ በኩል ላሜራው መዛግ ጀምሯል። ፋብሪካው ያደረገበትን ዓይነት መመለስ እፈልጋለሁ። ሶማሌ ተራ የጠየቅኳቸው ሁሉ ስፖንጅ ነው የሚያሳዩኝ። ኦርጅናሉ ምን ነበር? ከየት ይገኛል?

ሙስታንግ 66 (ሜሪላንድ)፦
የእኔ ፎርድ ሙስታንግ ምንጣፉ ስር ያለው የጁት ንጣፍ ነው፤ ያው ጆንያ የሚሠራበት ጭረት፣ ተጠቅጥቆ። እዚህ በሜትር ይሸጣል። ስትገዛ ግን ከምን እንደተሠራ ጠይቅ፤ አሁን የጨርቅ ቁርጥራጭ የተቀላቀለበት ብዙ አለ። ከፈለግክ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ።

የድሮ ቮልስ ሠሪ፦
የሜሪላንዱ ወንድማችን ያለው ለሙስታንግ ልክ ነው። የቮልስ ወለል ግን ሌላ ነው። በ66ቱ እግር የሚያርፍበት ቦታ የጎማ ምንጣፍ ነበር። ሞኬቱ በጎንና ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው የዕቃ ቦታ ነው። ከጎማው ስር ለስላሳ ነገር አልነበረም። ላሜራው ላይ የተለጠፈው ሬንጅ የጠጣ ደረቅ ሉህ ነው። ከባድ ስለሆነ ቀጭኑን ላሜራ ይይዘዋል፤ መኪናው ሲሄድ ወለሉ እንደ ከበሮ አይጮኽም። ስፖንጅ ይህን አይሠራም። የሚሠራው ውሃ መያዝ ብቻ ነው። ስንት ደህና ቮልስ በስፖንጅ ምክንያት ወለሉ እንደበሰበሰ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

በልክ የተቆረጠው ሉህ ጀርመንም አሜሪካም የቮልስ ዕቃ የሚሸጡ ጋር አለ። ይከብዳል፣ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የጣሪያ ሬንጅ ግን እንዳትለጥፍ። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ሽታውም አያስቀምጥም።

ከዚያ በፊት ውሃው በየት እንደገባ ፈልግ። የፊት መስታወቱን ጎማ፣ የበሮቹን ጎማ፣ በሩ ውስጥ ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ላስቲክ እይ። በሩ ከታች ያሉት ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይዞራል። ወለሉን ራቁቱን ትተህ መኪናው ላይ ከውጭ በውሃ ጎማ አስረጭና በየት እንደሚገባ እይ። ሳይደርቅ ምንም እንዳትለጥፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። ክዳኑ አለ? ከሌለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ፖል ይነካና ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭረት በእሳት ይያያዛል። ከምንጣፉ በፊት እሱን አስተካክል።

ባለ ቮልሱ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክዳኑ የለም! ዛሬውኑ አፈላልጋለሁ። ባትሪው አጠገብ የቀረ ጥቁር ሉህ አለ፤ እርስዎ ያሉት እሱ መሰለኝ። የሜሪላንዱ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፤ ጁቱ የትም አይገባም ማለት ነው?

የድሮ ቮልስ ሠሪ፦
ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከዕቃ ቦታው ሞኬት ስር ስስ አድርገህ ብታነጥፈው አልቃወምም። ሞተሩ እዚያ ጀርባ ስለሆነ ድምፁን ያለዝብልሃል። ወለሉ ላይ ግን በፍጹም። ጥቁሩ ሉህ ራሱ ነው፤ ሳትፍቀው ካርቶን ላይ ቅርጹን አንሳ። ግራውንም በዚያው ልክ እንዳትቆርጠው፤ በባትሪው በኩል ያለው ወለል ቅርጹ ይለያል።