ክርክር፦ ሰብዉፈር ዩፒኤስ ላይ ይሰካል ወይስ አይሰካም?

ጨለማው ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ አንድ ነገር ላይ ተከራከሩልኝ። አንዲት ክፍል ጥቁር መጋረጃ ሰቅዬ ሆም ቲያትር አድርጌያታለሁ። ያለኝ ዕቃ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር፣ ባለ ሰባት ቻናል አምፕሊፋየር፣ አንድ ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር)፣ ፊልም የማስቀምጥበት ትንሽ ሰርቨርና ራውተር ነው። መብራት ድንገት ድርግም ይልብኛል። አንዳንዴ ለአንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴ ለሰዓታት። አንዱ ወዳጄ «ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካ ሳጥን) ግዛና ሁሉንም ሰክተህ ተገላገል» ይለኛል። ሌላው «አምፕሊፋየር ባትሪ ላይ የሚሰካ ጤነኛ ሰው የለም» ይላል። ማንን ልስማ?

አያስፈልግም ባይ፦
ማንንም። ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው። መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ቆመ፣ አለቀ። ነገ ትጨርሰዋለህ። ዩፒኤስ ለሆስፒታል ነው እንጂ ለመዝናኛ አይደለም። ዕቃ የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ግፊት ነው። ለሱ ደግሞ ሰርጅ ፕሮቴክተር አለልህ።

ሽቦና ብየዳ፦
ግማሹ እውነት ነው። «ሲመለስ» የሚለው ላይ አብሬህ ነኝ። ግን ሰርጅ ፕሮቴክተር ሥራው አንድ ብቻ ነው። ቮልቴጁ ለቅጽበት ሲዘል ትርፉን ውስጡ ያለው ቫሪስተር የሚባል ክፍል ይውጠዋል። ቫሪስተሩም በየምቱ ትንሽ ትንሽ እያለቀ ይሄዳል። 230 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ 170 ላይ ወርዶ ሰዓት ሙሉ ሲያቃስት ግን ቁጭ ብሎ ያያል። 260 ላይ ወጥቶ ሲቆይም እንደዚያው። እሱ የስታብላይዘር ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የልጁ ፕሮጀክተር ባለ አምፖል ነው። ያ አምፖል ተራ አምፖል እንዳይመስልህ። ውስጡ የሜርኩሪ ትነት በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ታምቆ ነው ብርሃኑን የሚሰጠው። ስታጠፋው ፋኑ ለጥቂት ጊዜ እየዞረ የሚቆየው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ፋኑም አብሮ ቀጥ ይላል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አንዴ ቢሆን አይገድለውም፤ ሲደጋገም ግን ዕድሜውን ይበላዋል። አንዳንድ አምራቾች ገመዱን ብትነቅለውም ችግር የለም ብለው ጽፈዋል፣ መመሪያውን እይ። ሌዘር ወይም ኤልኢዲ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር።

ጨለማው ክፍል፦
ሁለቴ ትኩስ እንዳለ ጠፍቶብኛል። መብራቱ ሲመለስ አልበራም ብሎኝ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር።

ሽቦና ብየዳ፦
ትኩስ አምፖል ወዲያው አይነሳም። ግፊቱ እስኪወርድ ይጠብቃል። ጤነኛ ነው፣ አትስጋ።

ጆሮ ዳባ፦
ስለ አምፖል ስታወሩ ዋናውን ረሳችሁት፣ ድምፁን! ወንድሜ፣ ኦንላይን ዩፒኤስ ካልሆነ እጅህን አትዘርጋ። ኦንላይን የሚባለው የመጣውን ኤሲ (የግድግዳውን መብራት) ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ) ይቀይርና ዲሲውን መልሶ አዲስ ኤሲ አድርጎ ይሠራዋል። ዕቃህ የመስመሩን ቆሻሻ በጭራሽ አያየውም። መብራት ሲጠፋም ሽግግር የሚባል ነገር የለም፣ ዜሮ ሚሊ ሰከንድ። እኔ ካስገባሁት ጀምሮ ባሱ ጠብቋል፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማኛል።

ጋሽ ቮልት፦
ልጄ፣ ትንፋሹን የሰማኸው ከዘፋኙ ነው ወይስ ከዩፒኤሱ ፋን? ኦንላይን ዩፒኤስ እኮ ቀን ከሌት ሲቀይር ስለሚውል ይሞቃል። ስለሚሞቅ ፋኑ አያርፍም። ለሰርቨር ክፍል እሰየው። ጸጥ ባለ የፊልም ክፍል ውስጥ፣ ተዋናዩ በሹክሹክታ በሚያወራበት ሰዓት፣ ጎንህ የሚያንሾካሹክ ሳጥን ማስቀመጥ ግን አይገባኝም።

ስለ ድምፁም ልንገርህ። አምፕሊፋየሩ ራሱ የሚመጣለትን ኤሲ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ቀይሮ፣ በትልልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት በሚያጠራቅም ዕቃ) አጣርቶ ነው የሚጠቀመው። መስመሩ በጣም ካልተበላሸ በቀር ከውጭ ተጨማሪ ማጣሪያ ብታደርግለት ጆሮ የሚለየው ነገር ብዙም የለም። ካላመንክ አንድ ሰው ከጀርባህ ሆኖ ይቀያይርልህና ገምት።

ጆሮ ዳባ፦
አክብሮቴ እንዳለ ነው ጋሼ፣ እኔ ግን ጆሮዬን አምናለሁ። ፋኑ ይሰማል፣ እሺ። ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ገመድ መሳብ ነው።

ባለ ሰርቨሯ፦
የኔ ነገር ከሁላችሁም ይለያል። ድምፁም አምፖሉም ይቅርብኝ፤ እኔን ያቃጠለኝ ሰርቨሩ ነው። ፊልም እየገለበጥኩ መብራት ድርግም አለ። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ተበላሸ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስተካክል ከረምኩ፤ ከፊሉ እስከዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ለሰርቨሩና ለራውተሩ ብቻ ገዛሁ። አብረው ወደ 40 ዋት ነው የሚበሉት። ውስጡ ያለው ባትሪ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ነው፣ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው) የሚበላው ሲቀነስ፣ የእርሳስ ባትሪ ቶሎ ሲጨመቅ የሚሰስተው ሲቀነስ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆየኛል። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ያወራል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሰርቨሩን በሥርዓቱ ያጠፋልኛል። እኔ ተኝቼም ቢሆን። ዩኤስቢ የሌለው ዩፒኤስ አትግዛ፣ ይኸው ነው ምክሬ።

ጨለማው ክፍል፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ አሁን ሒሳብ ልሥራ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ 600 ዋት ይላል። ፕሮጀክተሩ 300። ሰብዉፈሩ 300። ድምሩ 1200። 1500 የሚል ዩፒኤስ አይቻለሁ። ይበቃል አይደል?

ሽቦና ብየዳ፦
ወጥመዱ ውስጥ ገባህ። 1500 የሚለው ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) ነው፣ ዋት አይደለም። ብዙዎቹ ባለ 1500 ቪኤ ዩፒኤሶች መሸከም የሚችሉት 900 ዋት አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ ትልቁ ቁጥር በትልቁ ይጻፋል፣ ዋቱ ደግሞ ጥግ ላይ በደቃቁ። ሁለቱንም አንብብ።

በሌላ በኩል የአንተም ሒሳብ የተጋነነ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው የምር የሚበላው አይደለም። አምፕሊፋየር በተለመደ ድምፅ ከ100 ዋት ብዙም አይርቅም። ሰብዉፈርም ዝም ባለበት ሰዓት ጥቂት ዋት ነው። ሶኬት ላይ የምትሰካት ዋት መለኪያ አለች፣ ትንሽ ነገር ናት። እሷን ይዘህ ፊልም እያየህ ለካ። ግምት ተው።

ጋሽ ቮልት፦
«ዝም ባለበት ሰዓት» ያልከውን አስምሩበት። ሰብዉፈር ችግሩ ዝም ሲል አይደለም፣ ሲጮህ ነው። የፍንዳታ ትዕይንት ይመጣል፣ በቅጽበት ብዙ ይጎትታል። ዩፒኤሱ ባትሪ ላይ ከሆነና ጠርዝ ላይ ከተሰቀለ «ኦቨርሎድ» ብሎ ጮሆ ሁሉንም ያጠፋዋል። ፕሮጀክተሩን ጨምሮ! አምፖሉን ላድን ብለህ የገዛኸው ዕቃ አምፖሉን ራሱ አጠፋብህ ማለት ነው። ስለዚህ ሰብዉፈርም አምፕሊፋየርም ባትሪ ላይ አይሰኩ። ሰርጅ ፕሮቴክተር ይበቃቸዋል።

ጆሮ ዳባ፦
ጋሼ፣ አሁን ያዝኩዎት! ሰርቨሩ በኤችዲኤምአይ የሚገባው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነው። ወደ ፕሮጀክተሩ የሚሄደውም ከአምፕሊፋየሩ ነው። አምፕሊፋየሩ ባትሪ ላይ ካልሆነ መብራት ለአንድ ሰከንድ ድርግም ባለ ቁጥር ፕሮጀክተሩ በርቶ ባዶ ሰማያዊ ግድግዳ ያሳያል። ታዲያ ምን አዳነ?

ጋሽ ቮልት፦
አምፖሉን አድኗል። ፊልሙን ግን፣ እሱ ልክ ነህ፣ አላዳነም።

ሽቦና ብየዳ፦
እኔም እዚህ ላይ ጆሮ ዳባን እደግፋለሁ (ለመጀመሪያና ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ)። መብራት ለሰከንድ የሚጠፋበት ቤት ከሆነ አምፕሊፋየሩም ባትሪ ላይ መሆን አለበት። ሰብዉፈሩ ግን ከውጭ ይቅር። ምስልም ንግግርም ይቀጥላል፣ የሚጎድለው ባሱ ብቻ ነው።

ግን አምፕሊፋየር ባትሪ ላይ ከገባ የሞገዱ ቅርጽ ወሳኝ ይሆናል። ርካሾቹ ዩፒኤሶች ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚያወጡት ለስላሳ ሞገድ ሳይሆን እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። አምፕሊፋየሩ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው ከሆነ ያ ሞገድ ያስጓራዋል፣ ያሞቀዋልም። አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላይዎች (ዕቃው ውስጥ ያሉ ኃይል ሰጪዎች) ደግሞ ጭራሽ አልቀበልም ብለው ሊጠፉ ይችላሉ። ፒዩር ሳይን ዌቭ (ለስላሳ ሞገድ) የሚለውን ፈልግ። ያለሱ አይሆንም።

ዓይነቱን በተመለከተ የዩፒኤሱ መግለጫ ወረቀት ላይ ሦስት ምልክቶች ታያለህ። ቪኤፍዲ ካለ መስመሩን እንዳለ የሚያሳልፍና ሲጠፋ ብቻ የሚነቃ ነው። ቪአይ ካለ ላይን ኢንተራክቲቭ ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድና ሲወጣ ባትሪ ሳይነካ ያስተካክላል። ቪኤፍአይ ካለ የጆሮ ዳባ ኦንላይን ነው። ላንተ መካከለኛው ይበቃል። ወደ ባትሪ ለመቀየር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በ50 ኸርዝ መስመር አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሽግግሩ ከዚያ ያጥራል። ጤነኛ ፓወር ሳፕላይ ያቺን አጭር ክፍተት ውስጡ ባለው ካፓሲተር ይሻገራታል።

በነገራችን ላይ ዩፒኤስ ላይ «ኤቪአር» የሚል ስታይ አትደናገር። እዚያ ላይ ቮልቴጅ አስተካካይ ማለት ነው። የኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ አምፕሊፋየሩንም ኤቪአር ይሉታል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በዚህ ቃል ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፣ አንዱ ስለ ድምፅ፣ አንዱ ስለ ቮልቴጅ።

ጨለማው ክፍል፦
ሰብዉፈሩን ሌላ ሶኬት ላይ ብሰካው ግን «ሁምም» የሚል ድምፅ ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

ሽቦና ብየዳ፦
ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ መንገድ ወደ ምድር ሲያያዙ ነው። ዩፒኤሱንና ሰብዉፈሩን ከአንድ ግድግዳ ሶኬት፣ ወይም ቢያንስ ከአንድ መስመር ላይ ስካቸው። «የሶኬቱን የምድር (ግራውንድ) እግር ቁረጠው፣ ይጠፋል» የሚል ሰው ካጋጠመህ ግን አትስማው። ድምፁ ይጠፋል፣ አንተም ልትጠፋ ትችላለህ።

ጋሽ ቮልት፦
ዩፒኤሱ ላይ ዲቫይደር አትቀጥሉ፣ ዩፒኤሱንም ዲቫይደር ላይ አትሰኩ። መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ ሁሉንም ንቀሉ። የአንቴናውንና የኔትወርኩን ገመድ ጭምር። መብረቅ የሚገባው በመብራት መስመር ብቻ አይደለም።

አያስፈልግም ባይ፦
ሁላችሁም ያልነገራችሁትን እኔ ልንገረው። ያ ባትሪ በሦስት፣ ቢበዛ በአምስት ዓመት ይሞታል። ሞቃት ቦታ ካስቀመጠው ቶሎ ነው። ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቶበት፣ አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ «ጭ» ሳይል አብሮ ይጠፋል። አንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት ነው። ባትሪው አብጦ ከሳጥኑ አልወጣ ብሎ።

ባለ ሰርቨሯ፦
እውነትህን ነው። እኔ በየጥቂት ወሩ ሰርቨሩን በሥርዓት አጥፍቼ፣ በምትኩ ሌላ ትንሽ ዕቃ ሰክቼ፣ ገመዱን ከግድግዳ እነቅለዋለሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ እጽፋለሁ። ደቂቃው በግማሽ ሲቀንስ ባትሪ እቀይራለሁ። ይህን የማያደርግ ሰው ዩፒኤስ አለኝ ባይል ይሻላል።

ጆሮ ዳባ፦
ሊቲየም ይግዛና ይገላገል! ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ2000 ጊዜ በላይ ይሞላል፣ ይራገፋል።

ሽቦና ብየዳ፦
ሰዓታት ፊልም ማየት ከፈለገ፣ አዎ፣ ትልቅ ሊቲየም ፓወር ስቴሽን (ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሳጥን) ያዋጣል። ግን እሱ ሌላ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ ወደ ባትሪ ሲቀይሩ ከዩፒኤስ ይዘገያሉ፤ 20 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅባቸው አሉ። ሰርቨሩ ሊጠፋ ይችላል። ዩፒኤስ የደቂቃ ነው፣ ፓወር ስቴሽን የሰዓት ነው። መጀመሪያ የምትፈልገውን ለይ።

ጨለማው ክፍል፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ዋት መለኪያ ተውሼ ለካሁ። ፕሮጀክተሩ 265። አምፕሊፋየሩ በማያቸው ፊልሞች ከ70 እስከ 110። ሰርቨሩና ራውተሩ አንድ ላይ 38። ሰብዉፈሩ ግን 14 ላይ ቆይቶ ቆይቶ አንድ ትዕይንት ላይ 190 ዘለለ። ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ፣ እሱ ከውጭ ነው።

ስለዚህ ያሰብኩት ባለ 900 ዋት ላይን ኢንተራክቲቭ፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ዩኤስቢ ያለው ነው። አምራቹ በሠንጠረዡ ላይ በዚህ ጭነት አሥር ደቂቃ ያህል ይላል። ክፍት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሰብዉፈሩ በሰርጅ ፕሮቴክተር ጎኑ ካለው ሶኬት።

ጆሮ ዳባ፦
ባሱ ጎደለብኝ ብለህ እንዳትመጣ!

አያስፈልግም ባይ፦
ቆይ፣ ይህ ሁሉ ያለ ባስ አሥር ደቂቃ ፊልም ለማየት ነው?

ጨለማው ክፍል፦
ድርግም ብሎ ከተመለሰ ፊልሙ ይቀጥላል። ካልተመለሰ አንድ ደቂቃ እጠብቅና ፕሮጀክተሩን ራሴ አጠፋዋለሁ፤ ፋኑ ዞሮ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ከዚያ እተኛለሁ፣ አንተ እንዳልከው።